በክሊኒክ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የአባላዘር በሽታ ቁጥር ምንን ያመለክታል?

አንድ ጤና ጣቢያ በሩብ ዓመት የሥራ ክንውን ሪፖርቱ በአባላዘር በሽታ ተይዘው የታከሙ ሰዎች ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ መቀነሱን ቢገልጽ፣ ሪፖርቱ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል በተላለፈ ቁጥር ቅናሹ እንደ መልካም ውጤት ተቆጥሮ የመመስገን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይሁንና ያው ቅናሽ የላቦራቶሪ ሪኤጀንት በማለቁ፣ በክፍሉ የሠለጠነው ብቸኛ ባለሙያ ወደ ሌላ ሥራ በመዛወሩ ወይም ሕመምተኞች ጤና ጣቢያውን ትተው በአቅራቢያቸው ከሚገኝ መድኃኒት ቤት በቀጥታ መድኃኒት መግዛት በመጀመራቸው ሊከሰት ይችላል። በነዚህ ሁኔታዎች የቀነሰው የተመዘገበው እንጂ የታመመው ሰው ቁጥር አይደለም።

አንድ ሰው የአባላዘር በሽታ እንዳለበት በባለሙያ ተለይቶ በመዝገብ እንዲሰፍር ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው ለበሽታው አምጪ ተህዋሲያን መጋለጡና መያዙ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ጤና ተቋም መምጣቱ፣ ተገቢውን ምርመራ ማግኘቱና ችግሩን ሳይደብቅ መናገሩ ነው። በዘርፉ የሚካሄዱ ጥናቶች ከበሽታው መገኘት ጋር ተያያዥነት አላቸው ብለው የሚዘረዝሯቸው ምክንያቶች ከነዚህ ከሁለቱም ወገን የሚመነጩ ናቸው። ዕቅድ የሚያወጣና በጀት የሚመድብ የሥራ ኃላፊ ሁለቱን ካልለየ ሥራው በደከመበት ሥፍራ ምስጋና፣ በተጠናከረበት ሥፍራ ደግሞ ወቀሳ ሊሰጥ ይችላል።

የችግሩን ስፋት በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ ሊድኑ በሚችሉ አራት የአባላዘር በሽታዎች ብቻ 374 ሚሊዮን አዳዲስ መያዞች ተከስተዋል። ከነዚህ ውስጥ ትሪኮሞኒያሲስ 156 ሚሊዮን፣ ክላሚዲያ 129 ሚሊዮን፣ ጨብጥ 82 ሚሊዮን፣ ቂጥኝ ደግሞ 7 ነጥብ 1 ሚሊዮን ይሸፍናሉ። ቂጥኝ በቁጥር ዝቅተኛውን ድርሻ ቢይዝም በአዋቂዎች የተከሰቱት አዳዲስ መያዞች እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 8 ሚሊዮን ማደጋቸውን ድርጅቱ አስታውቋል። እነዚህ አኃዞች በግምት ስሌት የተገኙ ሲሆኑ፣ በየአገሩ ክሊኒኮች ተለይተው የሚመዘገቡት ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው።

በመዝገብና በእውነታው መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ካሳዩ አጋጣሚዎች አንዱ የእንግሊዝ አገር ተሞክሮ ነው። በአገሪቱ የአባላዘር በሽታ ክሊኒኮች መረጃ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ የተሰበሰበ በመሆኑ አስተማማኝ ከሚባሉት ይመደባል። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ በአዲስ የተመዘገቡት የአባላዘር በሽታዎች ብዛት 317 ሺህ 901 ሲሆን፣ ይህም ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር የ32 በመቶ ቅናሽ ነበር። በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት ሰዎች ግንኙነታቸውን መቀነሳቸው የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ክሊኒኮች አገልግሎታቸውን መገደባቸውና የምርመራው ቁጥር ማሽቆልቆሉ ለቅናሹ ዓቢይ ምክንያት እንደነበሩ የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት በወቅቱ ገልጸዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 ቁጥሩ ወደ 401 ሺህ 800 ከፍ ሲል የጨብጥ በሽታ ብቻውን 85 ሺህ 223 ደርሷል። ይህም መረጃው መመዝገብ ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1918 ወዲህ ከፍተኛው ነው። የእንግሊዝ ባለሙያዎች ጭማሪውን ሲተነትኑ የምርመራው ብዛት ምን ያህል እንደጨመረ ጎን ለጎን አቅርበዋል። በእኛ አገር የሩብ ዓመት ሪፖርቶች ዘንድ ዘወትር የማይገኘው ይህ ሁለተኛው ዓምድ ነው።

ከበሽታው ጋር ተያያዥ ናቸው ከሚባሉት መካከል በየትኛውም አገር በተካሄዱ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ዕድሜ ነው። ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ በክላሚዲያና በጨብጥ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች የላቀ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ከአዲስ ተጓዳኝ ጋር ግንኙነት የሚጀመርበት የዕድሜ ክልል መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ በለጋ ዕድሜ የማህፀን አንገት ውጫዊ ገጽ በቀላሉ በሚጠቁ ሕዋሳት የተሸፈነ መሆኑም ጭምር ነው። ልጃገረዶች ዕድሜያቸው ሳይደርስ በሚዳሩባቸው አካባቢዎች ይህ ተፈጥሯዊ ተጋላጭነት በዕድሜ ከሚበልጥና ቀደም ሲል ሌሎች ግንኙነቶች ከነበሩት ባል ጋር ሲደመር አደጋው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ጾታዎች 18 ዓመት ማድረጉ ከዚህም አንጻር የጤና ሕግ ሆኖ ሊታይ የሚችል ነው።

ከአንድ በላይ ተጓዳኝ መኖር፣ በቅርቡ አዲስ ተጓዳኝ መያዝ፣ ኮንዶም በተከታታይና በአግባቡ አለመጠቀም፣ ቀደም ሲል በአባላዘር በሽታ ተይዞ መታከም እንዲሁም ምልክት የሚታይበት ተጓዳኝ መኖሩ ቀጥሎ የሚመጡ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ጠንካራው አመልካች የተጓዳኙ ሁኔታ ነው። ባልደረባው በጨብጥ ወይም በክላሚዲያ መያዙ የተረጋገጠ ሰው ምንም ምልክት ባይኖረውም እንደ ታማሚ ተቆጥሮ እንዲታከም የሕክምና መመሪያዎች የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ቀደም ሲል መታመም አመልካች የሚሆነውም በአብዛኛው ሰውየው የታከመው ተጓዳኙ ሳይታከም በመሆኑና ወደዚያው ግንኙነት ተመልሶ እንደገና በመያዙ ነው።

የአልኮል መጠጥና ጫት በየጥናቱ ሲነሱ ይታያል። ሁለቱም ተህዋሲያኑን አያመጡም፤ ይሁንና ጥንቃቄን በማላላትና ኮንዶም ሳይጠቀሙ ግንኙነት እንዲፈጸም በር በመክፈት በመንገዱ ላይ ያሉ ናቸው። ከመኖሪያ ርቆ መሥራትም እንዲሁ ነው። የረጅም ርቀት ከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ በሰሊጥና በጥጥ እርሻዎች በወቅት የሚሰማሩ የቀን ሠራተኞች፣ በግንባታ ሥፍራ የሚኖሩ ሠራተኞች እንዲሁም በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች በአገሪቱ የኤችአይቪ/ኤድስ መከላከል ዕቅዶች ለከፍተኛ ተጋላጭነት ቅድሚያ የሚሰጣቸው ተብለው የሚጠቀሱ ወገኖች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥተው ተከታታይ ሕክምና ለማግኘት የማይመቻቸው መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ዛሬ የታየው የሰሊጥ አራሚ ለውጤት በተቀጠረበት ቀን መተማ ወይም ሑመራ ላይገኝ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የተገለጹት በሽታው ከመያዝ ጋር የተያያዙ ናቸው። የችግሩ ውስብስብነት የሚጀምረው ግን ከተያዘው ሰው ውስጥ ማን ተለይቶ ይታወቃል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ነው።

በወንዶች ላይ ጨብጥ ከተያዙ ከሁለት እስከ ሰባት ባሉት ቀናት ውስጥ በአብዛኛው ሽንት በሚሸናበት ጊዜ ማቃጠልና ከሽንት ቧንቧ የሚወጣ መግል መሰል ፈሳሽ በማስከተል ራሱን ይገልጣል። ሕመሙ ወደ ሐኪም ይነዳል። ፈሳሹን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ መመልከትም በወንዶች አስተማማኝ ውጤት ይሰጣል። በሴቶች በኩል ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። በጨብጥም ሆነ በክላሚዲያ ከተያዙት ሴቶች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አይታይባቸውም። ምልክት ቢታይ እንኳ ከማህፀን የሚወጣው ፈሳሽ በብዙ ሌሎች ምክንያቶች የሚከሰት ነው። በማይክሮስኮፕ የሚደረገው ምርመራም በሴቶች ላይ ወደ ግማሽ የሚጠጉትን የጨብጥ ታማሚዎች ሊያልፋቸው ይችላል። ስለሆነም በአንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ከሽንት ቧንቧ ፈሳሽ ጋር የመጡ ወንዶች በርክተው ቢታዩ ሴቶቹ ጤነኞች ናቸው ማለት አይደለም።

ይህ ልዩነት ዋጋ የሚያስከፍለው ሳይታወቅ በቆየው ወገን ላይ ነው። ያልታከመ ክላሚዲያና ጨብጥ ወደ ማህፀንና ወደ ማህፀን ቱቦዎች ዘልቆ ጠባሳ በመፍጠር መካንነትንና ከማህፀን ውጭ እርግዝናን ያስከትላል። ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ቱቦው ሲፈነዳ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት የሚያሳጣ ነው። መካንነት በበኩሉ በብዙ አካባቢዎች ትዳር የሚያፈርስ ሲሆን፣ ወቀሳውም የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ በሚስት ላይ ነው። በሽታውን ወደ ቤት ያመጣው ባል በመርፌ ታክሞ ከዳነ ዓመታት ቢያልፉም።

ኢትዮጵያን ጨምሮ የላቦራቶሪ አቅም ውስን የሆነባቸው በርካታ አገሮች ለዚህ ችግር የመረጡት መፍትሔ ምልክቶችን መሠረት ያደረገው የሕክምና ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ባለሙያው የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ ሕመምተኛው ይዞት የመጣውን የምልክት ስብስብ ለይቶ፣ ያንን ምልክት በተለምዶ ለሚያመጡ ተህዋሲያን ሁሉ የሚሆነውን መድኃኒት በዚያው ቀን ይሰጣል። በአገራችን ብሔራዊ መመሪያ ሰባት የምልክት ስብስቦች የተካተቱ ሲሆን፣ እነርሱም ከሽንት ቧንቧ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የብልት ቁስለት፣ ከማህፀን የሚወጣ ፈሳሽ፣ የታችኛው የሆድ ክፍል ሕመም፣ የቆለጥ ከረጢት እብጠት፣ የብሽሽት እብጠት እና የጨቅላ ሕፃናት የዓይን ፈሳሽ ናቸው። ሕዝቡ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ እያለ ለየብቻ የሚጠራቸው በሽታዎች በነዚህ ስብስቦች ውስጥ ተደራርበው ይገኛሉ።

ዘዴው በዓለም አቀፍ ደረጃ ክብደት ያገኘው በታንዛኒያ ሙዋንዛ ክልል በተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ በሆነው ጥናት ነው። በ12 ማኅበረሰቦች በተካሄደው በዚህ ጥናት በግማሾቹ የሚገኙ ጤና ተቋማት ባለሙያዎች በምልክት ላይ በተመሠረተው ሕክምና ሠልጥነው መድኃኒት በመደበኛነት እንዲቀርብላቸው ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኤችአይቪ አዲስ የተያዙት ሰዎች መጠን አገልግሎቱ በተሻሻለባቸው ማኅበረሰቦች 1 ነጥብ 2 በመቶ፣ ባልተሻሻለባቸው ደግሞ 1 ነጥብ 9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ነው። በኡጋንዳ ራካይ ወረዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ሌላ ጥናት በአንጻሩ፣ ምልክት ይኑራቸው አይኑራቸው ለሁሉም ነዋሪዎች በየአሥር ወሩ መድኃኒት ቢታደልም የኤችአይቪ ሥርጭት አለመቀነሱን አመልክቷል። ሁለቱ ውጤቶች ለዓመታት ያከራከሩ ሲሆን፣ ልዩነቱን ለማስረዳት ከቀረቡት ነጥቦች መካከል የኤችአይቪ ወረርሽኝ በሁለቱ ሥፍራዎች የነበረበት ደረጃ የተለያየ መሆኑ ይገኝበታል። ለአስተዳደር ሰው ግን የሙዋንዛው ጥናት ሌላ ትምህርት አለው። እዚያ የተለወጠው ረቂቅ ቴክኖሎጂ ሳይሆን የሠለጠነ ባለሙያና የማይቋረጥ መድኃኒት መኖሩ ነበር።

በምልክት ላይ የተመሠረተው ሕክምና ለወንዶች ፈሳሽና ለብልት ቁስለት ጥሩ ሲሠራ፣ ከማህፀን ለሚወጣ ፈሳሽ ግን ደካማ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፈሳሽ በአብዛኛው ምክንያት የሚሆኑት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የማይተላለፉ የማህፀን በር ባክቴሪያዎች መዛባትና የፈንገስ መራባት በመሆናቸው፣ ብዙ ሴቶች የሌለባቸውን የአባላዘር በሽታ ተብለው ይመዘገባሉ። ምልክት የሌላቸው ታማሚዎች ደግሞ ሳይታዩ ያልፋሉ። ስሕተቱን ለመቀነስ ሲባል ባለሙያው የተጋላጭነት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ ይደረጋል። ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ባለፉት ሦስት ወራት አዲስ ተጓዳኝ ነበረሽ ወይ፣ ከአንድ በላይ ተጓዳኝ አለሽ ወይ የሚሉት በዚህ ይካተታሉ።

ጥያቄዎቹ ተገቢ ቢሆኑም ያገቡና ከባላቸው ሌላ የማያውቁ ሴቶችን የሚያገኙ አይደሉም። እንዲህ ያለች ሴት ለሁሉም ጥያቄ «የለም» ብላ ትመልሳለች፤ መልሷም እውነት ነው። የእርሷ ተጋላጭነት ያለው በባሏ ጠባይ ውስጥ ሲሆን፣ ያንን ደግሞ አታውቀውም፤ ብታውቅም በተጨናነቀ የምርመራ ክፍል አትናገረውም። በመሆኑም በመጠይቅ ከሚለዩት ምክንያቶች መካከል ጋብቻ እንደ መከላከያ ሆኖ ሲታይ በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል።

የላቦራቶሪ ምርመራ በተደረገበትም ሥፍራ ቢሆን ውጤቱ ምን እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል። ለቂጥኝ በፍጥነት ውጤት የሚሰጠው መመርመሪያ የሚለየው ሰውነት ለበሽታው የሚያመርተውን የመከላከያ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ከዓመታት በፊት ታክሞ የዳነ ሰው ላይም በአብዛኛው ዕድሜ ልክ «አለ» እያለ ይቀጥላል። የሕመምተኛው የቀድሞ ሕክምና ካልተጠየቀና ካልተጻፈ አንዱ ሰው በየዓመቱ እንደ አዲስ ታማሚ ሊቆጠር ይችላል። በሌላ በኩል በቂጥኝ የመጀመሪያ ደረጃ የሚወጣው ቁስል የማያምና ሳይታከም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት በራሱ የሚጠፋ በመሆኑ፣ ብዙዎች ድነናል ብለው ሳይመረመሩ ይቀራሉ። በሽታው ግን በደም ውስጥ ቀጥሎ ዓመታት ቆይቶ ልብንና አንጎልን ይጎዳል።

ለጨብጥና ለክላሚዲያ የተህዋሲውን የዘር ቅንጣት የሚለየው ዘመናዊ ምርመራ ምልክት የሌላቸውንም ይለያል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየሆስፒታሉ የተተከሉት የጂን ኤክስፐርት መሣሪያዎች ተገቢው ካርትሪጅ ቢቀርብላቸው ይህንኑ ምርመራ የማካሄድ አቅም አላቸው። እንቅፋቱ የካርትሪጁ ዋጋ ነው። ይህ የበጀት እንጂ የሕክምና ዕውቀት ጥያቄ አለመሆኑን ለሚወስኑ ኃላፊዎች ማስታወስ ተገቢ ይሆናል።

ወደ ጤና ተቋም የማይመጡት ወገኖች ጉዳይ ሌላው ነው። በከተሞች ሕመም የተሰማው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ማንም ወደማያውቀው መድኃኒት ቤት ነው። እዚያም ስሙ አይጠየቅም፣ ካርድ አይወጣለትም፣ ወረፋ አይጠብቅም። የሚሸጥለት ፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት ግን በመጠንም ሆነ በዓይነት ትክክል ላይሆን ይችላል። ምልክቱ ሲጠፋ በሽታው ላይጠፋ ይችላል፤ ተጓዳኙም አይታከምም፤ መዝገብም የለም።

ያለአግባብ መድኃኒት መውሰድ የሚያስከትለው ሌላው መዘዝ ተህዋሲያኑ መድኃኒትን መላመዳቸው ነው። በዚህ ረገድ ከጨብጥ የከፋ የለም። ፔኒሲሊን፣ ቴትራሳይክሊን ከዚያም እነ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚገኙበት የመድኃኒት ቤተሰብ በየተራ አቅማቸው ተዳክሟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ይኸው የሲፕሮፍሎክሳሲን ቤተሰብ ለጨብጥ እንዳይታዘዝ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በብሪታንያ አንድ ሕመምተኛ ለመጨረሻዎቹ ሁለት መድኃኒቶች፣ ማለትም ለሴፍትሪአክሶንና ለአዚትሮማይሲን፣ በአንድነት በማይበገር ጨብጥ መያዙ ይፋ ሆኗል። በየትኛውም መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ የሲፕሮፍሎክሳሲን ፍሬ ከዚህ ሂደት የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ሰዎች መድኃኒት ቤትን ከጤና ተቋም የሚያስመርጣቸው ዋናው ምክንያት ርቀት ወይም ክፍያ ብቻ ሳይሆን ኀፍረትና ምስጢሬ ይወጣብኛል የሚል ሥጋት መሆኑ በብዙ አገሮች ታይቷል። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ካርድ ክፍል የምትሠራው ጎረቤት፣ የምርመራ ክፍሉ ነርስ የባለጉዳዩ ዘመድ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ደግሞ መንደርተኛ ነው። በር በሌለው ክፍል ውስጥ የብልት ቁስል ስለመኖሩ የሚነገር እውነት አይኖርም። ትዳር ያልያዘች ወጣት ከሆነች ደግሞ «ማነው ያስያዘሽ» የሚል አንድ የወቀሳ ቃል እርሷን ብቻ ሳይሆን ጓደኞቿንም ከዚያ ደጅ ያርቃል። ለወጣቶች ምቹ የሆነ አገልግሎት በሚል የተከፈቱት ክፍሎች ጥቅማቸው የሚለካው በግድግዳቸው ላይ በተለጠፈው ሥዕል ሳይሆን በዚህ ነው።

ምስጢር መጠበቅ በሕግ ደረጃ ምን ውጤት እንደሚያመጣ ለማየት ወደ ብሪታንያ ተሞክሮ መመለስ ይቻላል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1913 የአባላዘር በሽታዎችን የሚያጠና የንጉሣዊ ኮሚሽን አቋቁማ፣ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1916 ባቀረበው ሪፖርት መሠረት በዚያው ዓመት ነፃና ምስጢራዊ ሕክምና በየአካባቢው እንዲሰጥ የሚያዝ ደንብ አወጣች። በዓመቱ ደግሞ ብቃት የሌላቸው ሰዎች እነዚህን በሽታዎች እንዳያክሙና የመድኃኒት ማስታወቂያ እንዳይወጣ በሕግ ተከለከለ። ጊዜው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የነበረ ሲሆን፣ በሽተኞችን አስገድዶ ማከምና መቅጣት ይገባል የሚል ድምፅም ከፍ ብሎ ይሰማ ነበር። የተመረጠው መንገድ ግን ሰዎች ሳይፈሩ እንዲመጡ ማድረግ ነበር። ዛሬም በዚያ አገር አንድ ሰው ያለ ሪፈር ወረቀት፣ ከመኖሪያ ቀበሌው ውጭ በሚገኝ ማንኛውም የአባላዘር በሽታ ክሊኒክ መታየት ይችላል።

በሕክምናው ላይ የታማሚው ተጓዳኝ ካልታከመ የተሠራው ሥራ ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ለዚህም ሲባል በምልክት ላይ የተመሠረተው ዘዴ መድኃኒት ከመስጠት ባሻገር አራት ነገሮችን ያካትታል። እነርሱም የምክር አገልግሎት፣ መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት መጨረስ፣ ኮንዶም መጠቀምና ተጓዳኝን ማሳከም ናቸው። ከአራቱ በተግባር ደካማው የመጨረሻው ነው። ባለሙያው ለታማሚው የበሽታው ስም ያልተጻፈበትና በምስጢር ቁጥር ብቻ የሚለይ የጥሪ ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዱን ለተጓዳኙ የማድረሱ ነገር ግን ለታማሚው የተተወ ነው። ሚስት ካርዱን ለባሏ ብትሰጥ በሽታውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ ተብላ ለድብደባ ወይም ለፍቺ ልትዳረግ ትችላለች። ባል በበኩሉ ካርዱን ኪሱ ውስጥ ይዞት ይቀራል። ስንት ካርድ ተሰጥቶ ስንት ሰው ይዞ መጣ የሚለውን ማስላት ቀላል ሆኖ ሳለ፣ በክንውን ሪፖርቶች ላይ እምብዛም አይታይም።

ሰው ምልክት ኖሮት እስኪመጣ የማይጠበቅበት አንድ አገልግሎት አለ፤ እርሱም የነፍሰ ጡር ክትትል ነው። ነፍሰ ጡሮች ምልክት ባይኖራቸውም ለቂጥኝ እንዲመረመሩ የሚደረገው በሽታው ከእናት ወደ ፅንስ ስለሚተላለፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ የሚገኝ ቂጥኝ ያለባት እናት ካልታከመች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ፅንስ መጨንገፍ፣ ሞቶ መወለድ፣ ያለጊዜው መወለድ ወይም በሽታውን ይዞ መወለድ ይከሰታል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 ቂጥኝ የነበረባቸው ነፍሰ ጡሮች 1 ነጥብ 1 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ ከ390 ሺህ በላይ እርግዝናዎች ለጉዳት ተዳርገዋል። ይህ ሁሉ በአንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ሊወገድ የሚችል ነው። ኩባ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤችአይቪና ቂጥኝ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ በማድረግ በዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር መሆኗ ይህንኑ ያሳያል።

በኢትዮጵያ በሠለጠነ ባለሙያ የእርግዝና ክትትል ያገኙ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 62 በመቶ የነበሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ ጥናት 74 በመቶ ደርሰዋል። ዕድገቱ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት በ2016ቱ ጥናት 20 በመቶ፣ በ2019ኙ ደግሞ 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ሕክምናው ፅንሱን ለመታደግ ቢያንስ ከወሊድ 30 ቀን በፊት መሰጠት ስላለበት፣ በስምንተኛው ወር የመጣች እናት ውጤቷ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከተነገራት ጊዜው ሊያልፍ ይችላል።

ኤችአይቪንና ቂጥኝን በአንድ የጣት ጠብታ ደም አብሮ የሚለየው መመርመሪያ ለዚህ ችግር ሁነኛ መፍትሔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መመርመሪያ በእርግዝና ክትትል የመጀመሪያ ምርመራ ሆኖ ሊያገለግል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2019 አስታውቋል። ውጤቱ እናቲቱ ከወንበሯ ሳትነሳ ይደርሳል። መርፌው ግን በዚያው ክፍል ከሌለ ጥቅሙ ግማሽ ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ርካሽ በመሆኑ ትርፉ አነስተኛ፣ አምራቾቹም ጥቂት ናቸው፤ በዚህም የተነሳ ከእ.ኤ.አ. 2016 አካባቢ ጀምሮ በበርካታ አገሮች በተደጋጋሚ ሲጠፋ ታይቷል። መድኃኒቱ በሚገኝበትም ጊዜ ቢሆን አንዳንድ ባለሙያዎች የሰውነት መቆጣት ያስከትላል በሚል ሥጋት ከመስጠት ይቆጠባሉ። ለእርጉዝ ሴት ደግሞ ምትክ ሊሆን የሚችል እኩል አስተማማኝ መድኃኒት የለም፤ ለሌሎች የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን በእርግዝና ወቅት አይሰጥም።

ከጤና ጣቢያ የሚላክን የአባላዘር በሽታ ሪፖርት የሚገመግም ኃላፊ እንግዲህ ከታማሚው ቁጥር ጎን አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ሪፖርቱ የሚናገረውን ማወቅ ይችላል። በዚያ ሩብ ዓመት ስንት ሰው ተመረመረ? ከታከሙት ውስጥ ሴቶች ስንት ናቸው? ከተሰጡት የጥሪ ካርዶች ስንቶቹ ተጓዳኝ ይዘው ተመለሱ? ቂጥኝ ከተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮች ውስጥ በዚያው ቀን መርፌውን የወሰዱት ስንት ናቸው? ለአራቱም የሚያስፈልገው መረጃ በክሊኒኩና በካርድ ክፍሉ መዝገቦች ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈ ሲሆን፣ የሚቀረው ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው አገናኝቶ መደመር ነው።